የኒውተን ቤት ግድግዳ ስንት ክንድ ነው?

ለንደን እህቴ ቤት አንድ ወር ልቀመጥ ሄጄ ነበር። ከመሄዴ በፊት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ለሚኖረው አባቴ ደውዬ «የኒውተንን የፖም ዛፍ ላይልህ ነው» ስለው በደስታ የሚዘል መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነዋ። እሱ ግን «ዛፉን ተወው፣ ዛፍማ እዚህም ሞልቷል። ቤቱን እይልኝ። የድንጋይ ቤት ነው ይባላል፤ የግድግዳውን ውፍረት ለካልኝ» አለኝ።

ነገሩ ገባኝ። አያቴ የሠሩትን የድንጋይ ቤት ወንድሜ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው ይላል፤ አባቴ አይነካም ይላል። ድሮ ጣሪያው ጓሳ ሣር ነበር፤ አሁን ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ግን ያው የአያቴ ነው። አባቴ የእንግሊዝን ገበሬ ቤት ለምስክርነት ሊጠራ ፈልጓል። እኔም በዚህ ውክልና ተነሣሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፦ ግራንታም፣ ከዚያም ሌላው ዉልስቶርፕ

ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ግራንታም በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ትኬቱን እህቴ ከሁለት ሳምንት በፊት በስልኳ ስለገዛችው 23 ፓውንድ ብቻ ወጣበት፤ በዕለቱ ቢሆን እጥፍ ነበር። ወደ ብር እየመነዘርኩ መጨነቅ የተውኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ አለዚያ ውሃም አልጠጣ። ቆሎና ዳቦ ቋጥራልኛለች።

ከጣቢያው ሲወጡ ቀድሞ የሚታየው የቅዱስ ዉልፍራም ቤተ ክርስቲያን ሹል ማማ ነው። 86 ሜትር ይረዝማል። ኒውተን በ12 ዓመቱ ከገጠር መጥቶ የተማረበት የንጉሥ ትምህርት ቤት እዚያው አጠገብ ነው። ስሙን በመስኮት ደፍ ድንጋይ ላይ እንደቀረጸ ይነገራል። ግቢው ዝግ ስለነበር ከውጭ ቃኝቼ አለፍኩ። መሐል ከተማው ላይ በ1858 (የእንግሊዝን ዓመታት የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የቆመ የነሐስ ሐውልቱ አለ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የማርጋሬት ታቸር ሐውልት ይታያል፤ እሷም የዚሁ ከተማ የሸቀጥ ሱቅ ባለቤት ልጅ ናት። በ2022 ሲያቆሙላት ሰው እንዳይደርስበት መሠረቱን ረጅም አድርገው ሠሩት። አልጠቀመም፤ በሰዓታት ውስጥ እንቁላል ተወረወረበት።

የከተማው መታወቂያ የሆነ የዝንጅብል ብስኩት አለ። ነጣ ያለ፣ ውስጡ ባዶ፣ ሲነክሱት እንደ ዳቦ ቆሎ የሚንኮሻኮሽ። አንድ ከረጢት በ4 ፓውንድ ገዛሁና ግማሹን ጣቢያው ፊት ለፊት ታክሲ ስጠብቅ ጨረስኩት። አውቶቡስ ነበር፤ ግን የምሄድበት መንደር ድረስ የሚሄደው አምልጦኛል።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ለሾፌሩ «ዉልስቶርፕ» አልኩት፤ ስልኩ ላይ ጻፈና ተነሣን። መንገዱ ግራና ቀኙ በጎመን ዘር ቢጫ ለብሷል። እኔም አደይ አበባ ያየሁ ይመስል በመስኮት ፎቶ ሳነሣ፣ ወደ ደቡብ መሄድ ሲገባን ወደ ምዕራብ ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ፊት ለፊታችን መሆኗን ልብ አላልኩም። ከዚያ ኮረብታ ላይ አንድ ትልቅ ግንብ ብቅ አለ። «ይኸ ነው እንዴ የገበሬው ቤት?» ብዬ ደነገጥኩ። መንደሩ ውስጥ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ስንጠይቅ ሳቀ፤ እኛ የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንን ያስታውቃል። ዉልስቶርፕ የሚባሉ መንደሮች ግራንታም አካባቢ ሁለት ናቸው። ይኸኛው በምዕራብ፣ ቤልቮር የተባለው ግንብ ሥር ነው። ቤልቮር ተብሎ ይጻፋል፣ «ቢቨር» ተብሎ ይጠራል፤ ለምን እንደሆነ ሰውየውም አልነገረኝ። የኒውተን ዉልስቶርፕ ከከተማው በስተደቡብ፣ ኮልስተርዎርዝ አጠገብ ነው።

«ቶርፕ» የዴንማርክ ሰዎች ይህን አገር በያዙበት ዘመን የተዉት ቃል ነው፤ ከዋናው መንደር ወጣ ያለ የእርሻ ሰፈር ማለት ነው። የዚህ ክፍለ ሀገር ካርታ በቶርፕ የተሞላ ነው። እኛ አገር ታክሲ ተሳፍሮ «ገብርኤል ውሰደኝ» እንደማለት ቁጠሩት። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ቆጣሪው 60 አልፎ ሳለ 45 ፓውንድ ተቀበለኝ።

ሐሙስ ማታና ዓርብ ጠዋት፦ ኮልስተርዎርዝ

ያረፍኩት አንዲት ባሏ የሞተባቸው አሮጊት አልጋና ቁርስ በሚያከራዩበት የእርሻ ቤት ነው፤ ሌሊቱ 70 ፓውንድ። ገና በሩን ስገባ ግንባሬ ከጉበኑ ጋር ተላተመ። «ጭንቅላትህን!» አሉኝ፤ ከተመታሁ በኋላ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት አራት ጊዜ ተመታሁ፤ አራቱንም ጊዜ ያንኑ ቃል አሉኝ። ሰው ያኔ አጭር ስለነበር ነው ይላሉ ብዙዎች። ሴትዮዋ ግን «ሙቀት እንዳይወጣ ነው፣ ደግሞም እንጨት ውድ ነው» አሉ። እኔም የሳቸውን አመንኩ፤ የአያቴም በር እንዲሁ ነው፤ አያቴ ደግሞ አጭር አልነበሩም።

እራት ካቀረቡልኝ በኋላ ስለ ቤቱ ጠየቅኳቸው። አስተማሪ ነበሩ፤ ማስረዳት ይወዳሉ። የእንግሊዝ ገበሬ በመካከለኛው ዘመን ይኖርበት የነበረው ቤት ከጣሪያው ሥር ድረስ ክፍት የሆነ አንድ አዳራሽ ነበር። እሳቱ መሬት ላይ መሐል ቤቱ ይነዳል፣ ጭሱ በሣሩ መሐል ተንጠፍጥፎ ይወጣል፣ እንጨቱን ሁሉ ያጠቁረዋል። ይህን ሲነግሩኝ የራሴን ልጅነት የሚተርኩልኝ መሰለኝ፤ የአያቴ ቤት ማገር እንደ ከሰል የጠቆረው በዚሁ ነው። ለውጡ የመጣው ከ1500ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው ይላሉ። ሱፍና እህል ዋጋ ሲያወጣ ገበሬው እጁ ገንዘብ ገባ፤ ቤቱን በድንጋይ ወይም በሸክላ ጡብ አድሶ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ሠራበት። የታሪክ ሰዎች ይህን ዘመን «ታላቁ የግንባታ እድሳት» ይሉታል፤ በግምት ከ1570 እስከ 1640 ነው። ጭሱ ለብቻው መውጫ ሲያገኝ ላዩ ላይ ጣሪያ ማልበስ ተቻለ፣ ከጣሪያው በላይ ፎቅ ሆነ፣ ፎቁ ላይ መኝታ ቤት ሆነ። ይኸ ሁሉ የመጣው ጭስ ማውጫ ስለተሠራ ነው፤ ነገሩ ቀላል ቢመስልም እኔ አስቤው አላውቅም። መንግሥትም አልተኛም። በ1662 በእያንዳንዱ ምድጃ በዓመት 2 ሽልንግ ግብር ጣለ፤ ያ ተጠልቶ ሲቀር በ1696 ደግሞ መስኮት ላይ አደረገው። ያን ጊዜ ስንቱ ሰው መስኮቱን በድንጋይ ደፈነ! መንደሩ ውስጥ እስከ ዛሬ የተደፈኑ መስኮቶች አሉ።

ጠዋት ግቢያቸውን ሲያሳዩኝ የከብት ማደሪያው ጣሪያ ላይ ዓይኔ ተተከለ። የሸክላ አይደለም፣ ስስ የድንጋይ ገበታ ነው። ስታምፎርድ አጠገብ ካለ ኮሊዌስተን ከተባለ መንደር የሚወጣ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን በክረምት ከጉድጓድ አውጥተው ሜዳ ላይ ይዘረጉታል፤ እንዳይደርቅም ውሃ ያጠጡታል። ሌሊት ውርጩ ሲመታው በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ድንጋዩን እንደ እንጀራ ገበታ ገበታ አድርጎ ይከፍተዋል። ከዚያ ጠርዙን ይጠርቡታል፣ ቀዳዳ ያወጡለታል፣ በእንጨት ችካል ይሰቅሉታል። ትላልቆቹ ከታች ከአሸንዳው በኩል፣ ትናንሾቹ ከላይ። የመንዝ ውርጭ እስከ ዛሬ ባቄላ ከማቃጠል ሌላ ሥራ አይቼበት አላውቅም። እዚህ ጣሪያ ይሠራል።

ቁርስ ላይ አንድ ችግር ተፈጠረ። በዓለ ኃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፣ ዓርብም ቢሆን እንደልቤ እበላለሁ ብዬ ተደስቼ ነበር። የሊንከንሻየር ቋሊማ ቀረበልኝ፤ የአገሩ ኩራት ነው፣ ሳር ቅጠል የመሰለ ሽታ ያለው ቅመም ይገባበታል። ግን የአሳማ ነው። አጠገቡ ያለውም የአሳማ ነው። አልበላም ስላቸው ሴትዮዋ ከልባቸው አዘኑ፤ «ታምመሃል?» አሉኝ። እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ባቄላ በላሁ፤ በቋሊማውም ፈንታ ዳቦ ጨመሩልኝ። ደግሞ ከልባቸው የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፦ ሻይ። በሄድኩበት ሁሉ ሳልጠየቅ ይቀዳልኛል። ይኸንንማ እናቴም ታደርገዋለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፦ የኒውተን ቤት

ከኮልስተርዎርዝ ዉልስቶርፕ በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወጣው ትልቁ አውራ ጎዳና አጠገባችን ስለሚያልፍ የመኪናው ጉምጉምታ አይለይም። ቀስ እያለ ግን ይረሳል።

የቤቱ ስም «ዉልስቶርፕ ማነር» ነው። ማነር ሲሉኝ የመኳንንት ግንብ የጠበቅኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከኔ ጋር የገቡት ባልና ሚስትም «ይኸው ነው?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ማነር የሚለው ቃል ስለ ቤቱ ትልቅነት አይናገርም፤ ስለ መብት ነው የሚናገረው። ያገሬ ሰው ጉልት ቢለው ይቀርባል፦ በአካባቢው ተከራይ ገበሬዎች ላይ አንዳንድ መብትና ገቢ ያለው ይዞታ። የኒውተን አያት ሮበርት፣ የራሱን መሬት የሚያርስ ባለ ርስት ገበሬ፣ በ1623 ገዛው። ቤቱ ቢበዛ የአንድ ደህና ገበሬ ቤት ነው፦ ባለ አንድ ፎቅ፣ በቲ ፊደል ቅርጽ የተሠራ፣ ካካባቢው በተፈለጠ የኖራ ድንጋይ የቆመ። ድንጋዩ ዳመና ሲሆን አመድማ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ግን እንደ ጠጅ ቅላ ይላል። እኔ በነበርኩበት ሦስት ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ስድስት ጊዜ አየሁ።

መግቢያው ከ10 ፓውንድ በላይ ነው፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ነው። በ1942 የኒውተን ልደት 300ኛ ዓመት ሲከበር ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር ፒልግሪም ትረስት ከተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባገኘው ገንዘብ ገዝቶት በ1943 አስረከባቸው። ከዚያ በፊት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ተርነር የተባሉ ባለርስቶች ይዘውት ተከራይ ገበሬዎች ይኖሩበት ነበር። ማለትም የዓለም ሊቅ የተወለደበት ቤት ውስጥ ዘመኑን ሁሉ ወተት ይናጥ፣ ዶሮ ይታረድ ነበር። ቤቱን ያቆየው ይኸ ይመስለኛል። ሰው የሌለበት ቤት የድንጋይም ቢሆን አይቆምም፤ ይህን መንዝ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዋናው በር በላይ የቤተሰቡ ዓርማ በድንጋይ ተቀርጿል፦ ሁለት የተመሳቀሉ የቅልጥም አጥንቶች። ከሥሩ ስቆም ክንዴን ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣሁ። አስጎብኚው፣ ጡረታ የወጡ በጎ ፈቃደኛ፣ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው «ግድግዳውን አትንካ እንጂ በበሩ በኩል ለካ» አሉኝ። ከውጭው ጠርዝ እስከ ውስጠኛው፦ አንድ ክንድ ከስንዝር። ፎቶም አነሡኝ። ግድግዳው ሁለት ፊት አለው፤ በውጭና በውስጥ ትላልቁ ድንጋይ ይደረደራል፣ መሐሉ በስብርባሪና በኖራ ጭቃ ይሞላል። አያቴ ኖራ አልነበራቸውም፣ በጭድ ጭቃ ነው የሠሩት። ሌላው ግን ያው ነው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃው ሰው ቆሞ የሚገባበት ያህል ነው። መስኮቶቹን የድንጋይ ዓምድ ይከፋፍላቸዋል። መስታወቱም አንድ ወጥ ሳይሆን በእርሳስ ክር የተያያዙ ትናንሽ ቁራጮች ናቸው፤ መስታወት ውድ ስለነበር፣ የሚነፋውም በትንሽ በትንሹ ስለሆነ ነው። አንዱ ቁራጭ ላይ ዓይኔን አስጠግቼ ውጭውን ሳይ በጎቹ በውሃ ውስጥ የሚዋኙ መሰሉ።

አዳራሹ ውስጥ ከምድጃው ጎን አስጎብኚው ቆም ብለው የእጅ ባትሪ አበሩ። ፊት ለፊት ሲያበሩት ባዶ ልስን ነው። ከጎን አስተኝተው ሲያበሩት ግን ጭረቶቹ ጥላ አወጡ፦ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ የነፋስ ወፍጮ። በ2017 ነው የተገኘው፣ ከብዙ አቅጣጫ ብርሃን እየጣሉ ፎቶ በማንሣት። ኒውተን ልጅ ሳለ አካባቢው ላይ አዲስ ወፍጮ ሲተከል እያየ፣ የራሱን ትንሽ ወፍጮ ሠርቶ አይጥ አስገብቶ ያስፈጫት እንደነበር ጓደኞቹ ተናግረዋል። ስለዚህ ስዕሉ የሱ ነው ይባላል። ማንም የቤቱ ልጅ ሊሆን ይችላል እላለሁ እኔ፤ ግን ጭረቱን ሳይ ጣቴ ሊነካው አሰፈሰፈ። የሁለት ክንፎቹ መሥመር ቀጥ ያለ ነው፣ ሦስተኛው ላይ እጁ ስቶት ወደ ጎን ሄዷል።

ደረጃውን ወጥቶ ያለችው ክፍል የተወለደባት ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለመናገር ስቸኩል ነው እዚህ የደረስኩት። የእንግሊዝ መዝገብ ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ይላል። ያን ጊዜ እንግሊዝ የጁሊያንን አቆጣጠር ትከተል ነበር፤ እስከ 1752 አልለወጠችም። እኛም የምንቆጥረው ከዚያው ጋር ገጥሞ ነው። ስለዚህ የነሱ ገናና የኛ ገና ያኔ በአንድ ቀን ይውሉ ነበር፤ ኒውተን የተወለደው ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ዓ.ም.፣ በገናችን ዕለት ነው። አፄ ፋሲል ዙፋን ላይ ናቸው፣ ጎንደር ከተቆረቆረች ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗታል። ለአስጎብኚው ስነግራቸው ወረቀት አምጥተው አስቆጠሩኝ። ዛሬ በአዲሱ አቆጣጠር የልደቱ ቀን ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ነው ሲባል «በገና ዕለት አልተወለደም ማለት ነው?» የሚል ክርክር ሁልጊዜ እንደሚገጥማቸው ነገሩኝ። የኛ መልስ አጭር ነው።

አባቱ፣ እሱም ይስሐቅ ነው ስሙ፣ ልጁ ሊወለድ ሦስት ወር ሲቀረው ሞተ። ስሙን መፈረም አይችልም ነበር፤ ግን ከ230 በላይ በግና ከ40 በላይ የቀንድ ከብት ነበረው፤ ለዚያ አካባቢ ሀብታም ነው። ሕፃኑ ያለ ቀኑ የተወለደ፣ በአንድ ሊትር ጣሳ የሚገባ ነበር ይባላል። መድኃኒት እንዲያመጡ የተላኩ ሁለት ሴቶች፣ እስክንመለስ አይቆይም ብለው መንገድ ላይ ቁጭ ብለው አረፉ። 84 ዓመት ኖረ።

ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሐና የጎረቤት መንደር ቄስ አገባች፤ ሰውየው 63 ዓመቱ ነበር። ልጁን አልፈለገውም። ከሴት አያቱ ጋር እዚሁ ቤት ቀረ። በጋብቻው ውል ላይ እናቱ ሁለት ነገር አስገባች፦ ለልጁ መሬት እንዲሰጠውና ይህ ቤት እንዲታደስ። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ቤት በከፊል የእንጀራ አባት ገንዘብ ነው። ኒውተን በ19 ዓመቱ ኃጢአቶቹን በደብተር ሲዘረዝር እናቱንና እንጀራ አባቱን ከነቤታቸው አቃጥላለሁ ብሎ እንደዛተ ጽፏል። የእናቱን ስኳር መስረቁም እዚያው ዝርዝር ላይ አለ። ቄሱ ሲሞቱ መጻሕፍታቸውና አብዛኛው ገና ያልተጻፈበት አንድ ወፍራም ደብተር ለኒውተን ደረሰው። ወረቀት ውድ ነበርና አልጣለውም፤ አዲሱን ሒሳቡን የሠራው በዚያ ደብተር ነው።

ለኔ ግን ከሁሉ የጣፈጠኝ እረኝነቱ ነው። እናቱ በ1659 ከትምህርት ቤት አስወጥታ ገበሬ ልታደርገው አምጥታው ነበር። በዚያው ዓመት በኮልስተርዎርዝ የማነር ችሎት ተከሰሰ፦ በጎቹን የጋራ ማሳ ውስጥ ስላስገባ 3 ሽልንግ ከ4 ፔንስ፣ አሳማዎቹ እህል ስለበሉ 1 ሽልንግ፣ አጥሩ ስለፈረሰ 1 ሽልንግ። አገሩ ያኔ አጥር የሌለው የጋራ እርሻ ነበርና ከብት ያልጠበቀ ሰው መንደሩን ሁሉ ይጎዳ ነበር። ጓሳን በሕግ ይጠብቁ የነበሩ የመንዝ አባቶች ቢሰሙት አይገርማቸውም፤ እነሱም ይቀጡት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ፈረስ እየሳበ ዳገት ሲወጣ ፈረሱ ልጓሙን አውልቆ ሄደ፤ እሱ ልጓሙን ብቻ ይዞ፣ እያሰበ፣ ሳያውቀው ገሠገሠ። አጎቱና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እናቱን ለመኗትና በ1661 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የቤቱ አሽከሮች ሲሄድ ደስ አላቸው ይባላል።

ተመልሶ የመጣው ወረርሽኝ ካምብሪጅን በ1665 ሲያዘጋው ነው። ሁለት ዓመት ያህል በብዛት እዚህ ቆየ፤ 22 እና 23 ዓመቱ ነበር። አንዱን ክፍል ጨለማ አድርገው፣ በመስኮቱ መዝጊያ ቀዳዳ በኩል ብርሃን በፕሪዝም፣ ማለትም በባለ ሦስት ጎን መስታወት፣ እንዲያልፍ አድርገዋል፤ ነጩ ግድግዳ ላይ ቀስተ ደመናው ተዘርግቷል። ኒውተን ከፕሪዝሙ እስከ ግድግዳው 22 ጫማ እንደነበረ ጽፏል። ሙከራው እዚህ ነው ካምብሪጅ ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው መካከል አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ቀዩ ላይ እጁን አድርጎ «አይሞቅም» አለ። ደህና ተመራማሪ ነው።

ዛፉንም አየሁ፤ አለማየት ነውር ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት በእንጨት አጥር ታጥሮ ይገኛል። «የኬንት አበባ» የሚባል ለወጥ የሚሆን ኮምጣጣ የፖም ዓይነት ነው። በ1820 ማዕበል ጣለው፣ ከወደቀበት ሥር ሰድዶ አደገ፤ ግንዱ አሁንም ጎንበስ ብሎ ነው የሚኖረው። አበባው አብዛኛው ረግፏል። ራሱ ላይ ወደቀ የሚለውን በዘመኑ ከሚያውቁት ማንም አልጻፈውም፤ ኒውተን በስተርጅናው፣ በ1726፣ ከወዳጁ ዊልያም ስቱክሊ ጋር በፖም ዛፎች ሥር ሻይ ሲጠጡ፣ ፖም ሲወድቅ አይቼ ለምን ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ይወድቃል ብዬ አሰብኩ ብሎ ነው ያወጋው። አባቴ ክፍል ውስጥ ይህን ሲያስተምር ድንች ይወረውር ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፦ የተገለበጠው ሰዓት

ወደ ባቡሩ ከመሄዴ በፊት ሴትዮዋ የኮልስተርዎርዝን ቤተ ክርስቲያን አሳዩኝ። ኒውተን የተጠመቀው እዚያ ነው፣ ወላጆቹም እዚያ ተቀብረዋል። ውስጡ ከኦርጋኑ ኋላ አንዲት የድንጋይ ሰሌዳ አለች፤ ኒውተን በልጅነቱ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ የቀረጻት የፀሐይ ሰዓት ናት። ከቤቱ ነቅለው እዚህ ሲተክሏት ገልብጠው ተከሏት። ፀሐይም አታገኛት፣ ብታገኛትም ቁጥሩ ወደ ላይ ነው። እኔና ሴትዮዋ አንገታችንን አጣምመን ጠዋቱን ስንፈልግ ቆየን።

መንገድ ላይ የሊንከን ረጅም ጠጉር በግ አሳዩኝ። ጠጉሩ እንደ ድሮ ሹሩባ ተጠቅልሎ ዓይኑን ሸፍኖታል። ድሮ ይህን ክፍለ ሀገር ያበለጸገ ዘር ነው፣ አሁን ከጥቂት ሰው በቀር የሚያረባው የለም። የኛ የመንዝ በግ ሁለቱ ተደምረው የዚህን አንዱን አያክሉም፤ ለዝተትና ለባና ግን የኛ ይበቃናል።

ማታ ለንደን ገብቼ ለአባቴ ደወልኩ። የበጎቹን ክስ ስነግረው ሳቁ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስንት ሆነ?» አለ።

«አንድ ክንድ ከስንዝር።»

«በማን ክንድ?»

«በኔ።»

ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ ወንድሜን ሲጣራ ሰማሁት። «የናንተ ክንድ እኩል ነው፣ ና ውጣ» አለው። ወንድሜ «በዚህ ሌሊት?» ሲል፣ በር ሲከፈት፣ ውሻው ሲጮህ፣ አባቴ «ከዚህ ጀምር፣ ከመቃኑ ጠርዝ» ሲል ይሰማኛል። እህቴ ከጎኔ ሆና ምን እየሆነ ነው ትለኛለች።

ጥቂት ቆይቶ አባቴ ስልኩን አነሣ።

«አንድ ክንድ ከስንዝር ከሁለት ጣት» አለ።